የአራተኛው ጥቅል ነጥብ

አባቴ ዓይኑ እየጠፋ መሆኑን ከሰው ሁሉ ደብቆ ዓመት ከመንፈቅ ፊልም አጫውቷል። ያጫወተው በእኔ ዓይን ነው። አንድ ሰው ቢያውቅበት እንጀራው ያን ቀን አበቃ ማለት ነበር። ዛሬ ስናገረው ቀላል ይመስላል፤ ያኔ ግን የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ማንም ደግሞ ምንም አልነገረኝም። አባቴ ጨዋታ ነው አለኝ፣ እሺ ጨዋታ ነው አልኩ። ጨዋታ ከተባለማ እኔን ማን ይችለኛል!

ሲኒማ ቤቱ ትንሽ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ረቡዕ፣ ቅዳሜና እሁድ፣ ከሰዓት በኋላ ብቻ ይከፈታል። ከታች አዳራሹ አለ፤ ከላይ ደግሞ አስራ ስምንት ጠባብ የእንጨት ደረጃ ወጥተሽ የምትደርሺበት የማሽን ክፍል። አባቴ የዚያች ክፍል ንጉሥ ነበር። ሁለት ጥቁር ማሽኖች ጎን ለጎን ቆመው ሆዳቸው ሲግል የሞቀ ዘይትና የአቧራ ሽታ ይሸታሉ። ድምፃቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ትንሽ ቆይተሽ አትሰሚውም፤ እንዲያውም እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሻል። ከማሽኑ የሚወጣው ብርሃን በትንሿ መስኮት ሾልኮ ከሰው ጭንቅላት በላይ ይሄዳል፤ በብርሃኑ ውስጥ አቧራ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል። እኔ የፊልሙ ሰዎች ከዚያ አቧራ የተሠሩ ይመስሉኝ ነበር። እየተንሳፈፉ ሄደው ሸራው ላይ ሲያርፉ ሰው ይሆናሉ፤ መብራት ሲበራ ደግሞ ተመልሰው አቧራ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። እውነቱን ለመናገር ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም።

አንድ ፊልም በአንድ ጥቅል አያልቅም። አምስት ጥቅል ነው፣ እያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ ገደማ። አንደኛው ጥቅል በአንደኛው ማሽን ላይ ሲያልቅ ሁለተኛው በሌላኛው ማሽን ላይ ይቀጥላል፤ ተመልካቹ ግን መቀየሩን ጨርሶ ማወቅ የለበትም። ነጥቧ ያለችው ለዚህ ነው። ጥቅሉ ሊያልቅ ስምንት ሰከንድ ያህል ሲቀረው፣ በሸራው የቀኝ ጥግ፣ ከላይ፣ አንዲት ክብ ነጥብ ብልጭ ብላ ትጠፋለች። የሌላኛውን ማሽን ሞተር አስነሳ ማለቷ ነው። ሰባት እስክትቆጥሪ ሁለተኛዋ ትመጣለች፤ ያቺ ደግሞ አሁን ቀይር ትላለች። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ለፊት እያየ አንድም ሰው አያስተውላትም።

"ነጥቧን ቀድሞ ያየ ያሸንፋል" አለኝ አባቴ አንድ ቅዳሜ። "የመጀመሪያዋን ስታዪ 'መጣች' በይ፣ ሁለተኛዋን ስታዪ 'አሁን' በይ።"

"አንተስ?"

"እኔም አያለሁ። ከቀደምኩሽ እናገራለሁ።"

አንድም ቀን ቀድሞኝ አያውቅም። አይ አባዬ፣ እንዴት ያለ ቀርፋፋ ነው እል ነበር በልቤ። ሌላም ጨዋታ ነበረን። "ጠርቷል ወይስ ደብዝዟል?" ይለኛል ምስሉን። "ደብዝዟል" እላለሁ። በሁለት ጣቱ አንዲት ቀለበት ትንሽ ያዞራል። "አሁንስ?" "ጠራ!" ይኼን ጊዜ ጭንቅላቴን ዳበስ ያደርገኛል። ፊልሙን በማሽኑ ጥርሶች መሃል የሚያስገባው ደግሞ ወደ እጁ ሳያይ ነው፤ ጣቶቹ ራሳቸው መንገዱን ያውቁታል። እኔ ይህን ጉብዝና ነው ብዬ ትምህርት ቤት ጉራዬን ነዛሁት። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራል አልኩ፤ ልጆቹ ውሸታም አሉኝ። እንግዲህ ከሁላችንም ለእውነቱ የቀረብኩት እኔ ነበርኩ።

ቀድሞ ረዳት ነበረው። ረዳቱን ያስቀረው የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ነው። ሰውየው በየኮሪደሩ እየዞረ የበራ አምፖል ባየ ቁጥር "አጥፋው! አጥፋው!" ስለሚል ሠራተኛው ሁሉ ስሙን "አጥፋው" ብሎታል። ክፉ ሰው አልነበረም። ሁለት ሰው የሚሠራውን አንድ ሰው ከሠራው ለምን ሁለት ይሆናል የሚል ሰው ነው።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። አባቴ እሷን ያሞኘ መስሎት ነበር፤ እናቴን ማን ሊያሞኝ! ካደግኩ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ጥርጣሬ የገባት ጊዜ አንድ ቀን አዲሱን ቀሚሷን ገልብጣ ለበሰች። ስፌቱ፣ ክሩ፣ ኪሱ ሁሉ በውጭ ተንጠልጥሏል። ፊቱ ቆማ "እንዴት ነው?" አለችው። "ውይ፣ አምሮብሻል!" አላት ባለ በሌለ አድናቆቱ። ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ ቀሚሱን አስተካክላ ለብሳ ወጣች፤ ምንም አላለችም። እኔ ያን ቀን እናቴ ቀሚሷን ገልብጣ በመልበሷ ከት ብዬ ስቄ ነበር። እሷም ስቃለች፣ ትዝ ይለኛል።

አዲስ ፊልም በመጣ ቁጥር ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ባዶ ሆኖ ለሙከራ ይታያል። ያኔ "ቲቸር" ይመጣል። እንግሊዝኛ አስተማሪ ነው፤ ቀጭን፣ ጠመኔ ከእጅጌው የማይለቅ። ሥራው ፊልሙን አይቶ ደጅ ላለው ሰሌዳ ታሪኩን በእኛ ቋንቋ ሁለት መስመር መጻፍ ነው። አባቴ የሚያውቃት እንግሊዝኛ ሁለት ቃል ናት፤ የእያንዳንዱ ጥቅል መጀመሪያ ላይ የተጻፈችው "ስታርት" እና መጨረሻው ላይ የተጻፈችው "ኤንድ"። በእነዚህ ሁለት ቃላት ግን ከቲቸር ጋር ሰዓታት ይከራከራል።

"እስቲ ይቺን አስረዳኝ ቲቸር" አለው አንድ ቅዳሜ፣ ያለቀውን ጥቅል ወደ ኋላ እያጠነጠነ። "አምስት ጥቅል አለኝ፤ አምስቱም ጫፋቸው ላይ ኤንድ ይላሉ። አንተ ደግሞ ባለፈው 'የዚህ ፊልም ኤንዲንግ ደካማ ነው' አልክ። ኤንድና ኤንዲንግ ምንና ምን ናቸው? ያው አንድ አይደሉም?"

"ኧረ በጭራሽ!" ቲቸር ከተቀመጠበት የፊልም ሳጥን ላይ ብድግ አለ። ተማሪ አገኘ ማለት ነው። "ኤንድ የሚያልቅበት ቦታ ነው። ገመድ ኤንድ አለው፣ መንገድ ኤንድ አለው። መቀስ ወስደህ እዚህ ጋ ብትቆርጠው እዚያው ኤንድ ሆነ። ኤንዲንግ ግን ታሪኩ የሚያርፍበት ነው። ገመድ ኤንዲንግ የለውም። ለኤንዲንግ ሰው ያስፈልጋል፤ አንድ ሰው 'እንዲህ ይለቅ' ብሎ ያሰበበት።"

"ስታርትስ?"

"እሱም ያው ነው። ሞተርህ ስታርት ያደርጋል። ሞተር ግን ቢጊኒንግ የለውም።"

አባቴ ትንሽ አሰበና "እንግዲያው እኔ ጋ አምስት ስታርትና አምስት ኤንድ አለ፤ ቢጊኒንግና ኤንዲንግ ግን አንድ አንድ ብቻ" አለ።

"እሰይ! ተማሪዎቼ ዓመት ሙሉ ያልገባቸው!"

"እሺ፣ የአራተኛው ኤንድ መጥቶ እኔ የአምስተኛውን ስታርት ባላስነሳስ?"

"ያኔማ ኤንዲንግ የሚባል የለም" አለ ቲቸር እየሳቀ። "ሰዎቹ እዚያው ቆመው ይቀራሉ። ወዴት ይሄዳሉ?"

ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ሳጥኖቹ መሃል ተቀምጬ ዳቦዬን ይዤ ያቺን ነገር ዋጥኳት። ሰዎቹ እዚያው ቆመው ይቀራሉ። ነገሩ በእጃችን ነው ለካ፤ አባቴ ካላስነሳ አይሆንም፤ አባቴ ደግሞ እኔ ካላልኩት አያስነሳም። ቲቸር የተናገረው ስለ ቃል ነበር። እኔ የሰማሁት ግን ስለ እኔ ሥልጣን ነው።

የዚያን ሰሞን ፊልም ሰፊ ባርኔጣ ስለምታደርግ አንዲት ሴትና ስለ ትንሽ ልጇ ነበር። ቤታቸው ባቡር ሐዲድ አጠገብ ነው። አራተኛው ጥቅል ሲያልቅ ሴትየዋ ሻንጣ ይዛ ባቡር ጣቢያ ትቆማለች። ባቡሩ ይመጣል። አንድ እግሯን ደረጃው ላይ ታደርግና ዞር ብላ እኛን ታያለች። ነጥቧ የምትመጣው እዚያ ጋ ነው፣ ሰማዩ ላይ፣ ከባርኔጣዋ ከፍ ብሎ። አምስተኛው ጥቅል ሲጀምር ልጅቷ ከእንቅልፏ ትነቃለች። በባዶ ቤት ከክፍል ክፍል እየዞረች ትጣራለች። አንድም የሚመልስላት የለም።

ያቺን ልጅ አልቻልኳትም። አምስተኛው ጥቅል በጀመረ ቁጥር ከማሽኑ ጀርባ ሄጄ ወለሉ ላይ እቀመጥና ጆሮዬን በሁለት እጄ እይዛለሁ። ከዚያ በኋላ ነጥብ ስለሌለ አባቴ አይፈልገኝም። መብራት እስኪበራ እዚያው ነኝ። በዚህ ዓይነት ፊልሙን አምስት ጊዜ አይቼ መጨረሻውን አንድም ቀን አላየሁትም።

ከመጨረሻው እሁድ በፊት በነበረው ቅዳሜ ጠዋት ከውጭ ሮጬ ስገባ፣ የእናትና አባቴ አልጋ ላይ ሻንጣ ተከፍቶ አየሁ። ዘመኑን ሁሉ ቁም ሳጥን አናት ላይ አቧራ ሲጠጣ የኖረው ቡናማ ሻንጣ ነው። እናቴ እኔን ስታይ ክዳኑን ድርግም አደረገችው።

"ምንድን ነው እማዬ?"

"ምንም። ልብስ እያናፈስኩ ነው። ሂጂ እግርሽን ታጠቢ።"

በተዘጋ ሻንጣ ልብስ ሲናፈስ ያን ቀን አየሁ። እግሬን አልታጠብኩም፤ በሩ ጀርባ ቆሜ ጆሮዬን ጣልኩ።

"አውቶቡሱ ማክሰኞ በጠዋት ነው" አለች እናቴ።

"ልጅቷስ?" አለ አባቴ።

"እህቴ ጋ ትሆናለች።"

"ታለቅሳለች።"

"ታልቅሳ! ልቅሶ ዓይን አያጠፋም።"

እኔም በሩ ጀርባ ነገሩ ገባኝ። እናቴ ልትሄድ ነው። ባርኔጣ የላትም እንጂ ሻንጣው ያው ሻንጣ ነው።

ሻንጣው ውስጥ የነበረው የአባቴ ሁለት ሸሚዝ፣ የሌሊት ልብሱ፣ ፎጣና ለአንድ የዓይን ሐኪም የተጻፈ ደብዳቤ ነበር። እናቴ ነገሩን አንድ በአንድ አቅዳዋለች፦ አባቴ "አጎቴ ታሟል" ብሎ አስር ቀን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ሩቅ ከተማ ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል ሄዶ ይታከማል፣ ማንም ሳያውቅ ተመልሶ ማሽኑ ላይ ይቆማል። ሁለቱም አብረው ነበር የሚሄዱት። ይህን ሁሉ ያወቅኩት አስራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ነው። ያን ቅዳሜ ግን ለእኔ ነገሩ ያለቀ የደቀቀ ነበር፤ ሴትየዋ ባቡር ከተሳፈረች እናቴም ትሄዳለች።

እሁድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መተላለፊያው ላይ ሳይቀር ሰው ተቀምጧል። አጥፋው ራሱ እንግዶች ይዞ መጥቶ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። እኔ እንደ ወትሮዬ ሳጥን ላይ ቆሜ በትንሿ መስኮት እመለከታለሁ። አንደኛው ጥቅል፣ "መጣች፣ አሁን።" ሁለተኛው፣ "መጣች፣ አሁን።" ሦስተኛው እንዲሁ። አባቴ ደስ ብሎት ያፏጫል።

አራተኛው ሊያልቅ ሲል ሁልጊዜ ከእኔ በፊት ያውቃል፤ ጥቅሉ እየሳሳ ሲሄድ ድምፁ ይቀጥናል።

"ተዘጋጂ ሚጢ፣ ልትደርስ ነው" አለኝ። አንዱ እጁ የሞተሩ ማስነሻ ላይ፣ ሌላው የመቀየሪያው እጀታ ላይ ነበር።

ሴትየዋ ጣቢያው ላይ ቆመች። ነፋሱ ባርኔጣዋን ነካ አደረገው። ባቡሩ በጭሱ ውስጥ ቀስ ብሎ መጣ፤ ድምፁ ከማሽኑ ድምፅ ጋር ተደባልቆ ባቡሩ በእኛ ክፍል ውስጥ የሚያልፍ መሰለኝ። እግሯን አነሳች። ዞር አለች። አየችኝ፣ እኔን ነው ያየችኝ፤ በዚያ ሁሉ ጭንቅላት ላይ አልፋ። ነጥቧ መጣች።

ትንፋሼን ሳብኩ። አላወጣሁትም።

ሰባት ሰከንድ እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። ሁለተኛዋም መጣች፤ ብልጭ አለች፤ ጠፋች። እናም ሴትየዋ ሳትሄድ፣ አንድ እግሯ ደረጃው ላይ እንዳለ፣ ሸራው ሁሉ ነጭ ሆነ።

እንደዚያ ያለ ነጭ ከዚያ በኋላ አይቼ አላውቅም። ብርሃኑ አዳራሹ ውስጥ ተመልሶ ፈሰሰና የሰው ሁሉ ጭንቅላት፣ ጆሮ፣ ትከሻ ተለይቶ ታየኝ። ቀረች አልኩ በልቤ። አልተሳፈረችም፣ እማዬም አትሄድም። ከጀርባዬ የፊልሙ ጫፍ ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ እያለ ይሽከረከራል።

ከዚያ ጉድ ፈላ። መጀመሪያ አንድ ፉጨት፣ ቀጥሎ መቶ። "ኦፕሬተር ተኛ እንዴ!" "ቀስቅሱት!" ሰው እግሩን ወለሉ ላይ ይደልቅ ጀመር።

"ሚጢ" አለ አባቴ ቀስ ብሎ። "ነጥቧስ?"

"አልመጣችም" አልኩት ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

እጁን ዘርግቶ ብርሃኑን ዘጋ፣ ማሽኑን አቆመ፤ ጨለማው ውስጥ ትንፋሹ ይሰማኛል። ደረጃው መንቋቋት ጀመረ። አጥፋው ከባድ ሰው ነው፤ እየተነፈሰ፣ እየተሳደበ ወጣ። በሩን ከፍቶ መብራት አበራ። መብራት ሲያበራ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ምን ሆነሃል አንተ ሰው? እንግዳ ይዤ! ተኝተህ ነው?"

"ይቅርታ ጋሼ" አለ አባቴ ወደ በሩ ዞሮ።

አጥፋው ማሽኑን ለማየት በሩን ትቶ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። አባቴ ግን ይቅርታውን የቀጠለው ለበሩ ነው። "ነጥቧ አመለጠችኝ ጋሼ፣ ሁለተኛ አይደገምም" ይላል፣ በትህትና ዝቅ ብሎ፣ ማንም ለሌለበት በር። አጥፋው አፉን ከፍቶ ቀረ። ፊቱ ላይ የነበረው ንዴት ሲወርድ አየሁት።

"እዚህ ነኝ" አለው በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አባቴ ዞረ። ከታች ሰው ይጮሃል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ቆይቷል።"

"ይቺ ልጅስ እዚህ ምን ትሠራለች?"

"ትጫወታለች" አለ አባቴ።

አጥፋው አየኝ። ሳጥኑን አየ፣ መስኮቷን አየ፣ እንደገና እኔን። ገባው። እጁን ፊቱ ላይ አሻሸ። "ስንት ዓመት ሆነህ እዚህ?"

"አስራ ዘጠኝ።"

"በቃ ውረድ ወንድሜ" አለው። "ውረድ።" ወንድሜ ብሎት አያውቅም ነበር።

"አምስተኛውን አስነስቼ ልውረድ። ሰው እየጠበቀ ነው" አለ አባቴ። አጥፋው እሺም እምቢም አላለም። አባቴ ሞተሩን አስነሳ፣ ብርሃኑን ከፈተ፣ "ጠርቷል?" አለኝ። ሸራው ላይ ልጅቷ ከእንቅልፏ እየነቃች ነበር። "ጠርቷል" አልኩት። ኮቱን ከሚስማሩ አወረደ፣ እጄን ያዘ፣ ደረጃውን ወረድን። በአዳራሹ ግድግዳ በኩል ስናልፍ ልጅቷ ስትጣራ ይሰማል። እጄን በጣም ጨብጦት ነበር፤ ተቆጥቶ ነው ብዬ ነበር። መንገዱን እንዳይስት ነው የያዘኝ።

ማክሰኞ እናቴ ሄደች። አባቴም አብሮ። ያ ሁሉ ዝምታዬ ምንም አልፈየደም! አክስቴ ቤት ዘጠኝ ቀን አለቀስኩ። በአስረኛው ቀን ተመለሱ፤ እናቴ ሻንጣውን ይዛ ከፊት፣ አባቴ ትከሻዋን ይዞ ከኋላ። ሐኪሙ "ከሦስት ዓመት በፊት ብትመጣ" ብሎታል። የዓይን ግፊት ነው፤ ነርቩ ደርቋል። እኔ ግን ይህን ማን ነግሮኝ! ለእኔ የአባቴን ዓይን ያጠፋው ያ ነጭ ብርሃን ነው። እኔ ዝም አልኩ፣ ብርሃኑ መጣ፣ ዓይኑን አቃጠለው። አራት ዓመት ሙሉ ይህን በሆዴ ይዤ ስተኛና ስነሳ ኖሬያለሁ። እናቴ አስራ ሁለት ዓመቴ ላይ አስቀምጣ ሁሉን ስታስረዳኝ፣ ስለ ግፊቱም፣ ስለ ሻንጣውም፣ ስለ ገለበጠችው ቀሚስም፣ ያን ቀን ሆዴ ውስጥ የነበረው ድንጋይ ግማሹ ወረደ።

ግማሹ ቀረ። ዓይኑን ባላጠፋውም፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት የሠራበትን ቦታ በፉጨትና በስድብ እንዲለቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሥራው እንደ ገመድ ተቆርጦ ቀረ። ነጥቧን ባልውጣት ኖሮ ቢያንስ ራሱ "በቃኝ" ብሎ፣ ሰው አጨብጭቦለት ይወጣ ነበር።

ቲቸርን ከዓመታት በኋላ አንድ መድኃኒት ቤት አገኘሁት። እኔ ባንኮኒው ጀርባ መድኃኒት ቀማሚ፣ እሱ ባንኮኒው ፊት ደም ብዛት የያዘው ሽማግሌ። ስለዚያ ፊልም ጠየቅኩት። "ውይ፣ እሷ! ትመለሳለች እኮ" አለኝ። "ለልጅቷ መድኃኒት ልታመጣ ነው የሄደችው። መጨረሻው ላይ በሩን ከፍታ ትገባለች። ቆንጆ ኤንዲንግ ነበር፤ አላየሽውም እንዴ?" አላየሁትም አልኩት። መድኃኒቱን ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ሰጠሁት።

አባቴ አሁን ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው። ከሲኒማ ቤቱ በኋላ የልብስ ስፌት ማሽን ጠጋኝ ሆኖ ኖረ፤ ያ ሁሉ ጥርስና መዘውር ለጣቱ ባዳ አልነበረም። አሁን እሱም እናቴም እኔ ጋ ናቸው። ባለፈው ዓመት አንድ እሁድ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ በረንዳ ተቀምጠን ነጭ ሽንኩርት እንልጣለን። እሱ ሦስት ሲልጥ እኔ አንድ ነው የምልጠው። ፀሐዩ ለስለስ ያለ፣ ጎረቤት ሬዲዮ ከሩቅ ያንጎራጉራል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት ያልተናገርኩት ነገር አፌ ላይ መጣ።

"አባዬ።"

"ወይ።"

"ያን ቀን ነጥቧን አይቻት ነበር።"

እጁ ሥራውን አላቋረጠም። "የትኛዋን?"

"ሁለቱንም።"

"አውቃለሁ" አለኝ።

"ምኑን ነው የምታውቀው? አልመጣችም ብዬህ ነበር እኮ!"

"'መጣች' ከማለትሽ በፊት ሁልጊዜ ትንፋሽ ትስቢያለሽ። ያን ቀን ሳብሽና ያዝሽው። ዓመት ከመንፈቅ ከዚያች ትንፋሽ ሌላ ምን ነበረኝ? ከማሽኑ ድምፅ መሃል ለቅሜ የምሰማት እሷን ነበር።"

ቢላዬን አስቀመጥኩ። "እና ለምን አልቀየርክም? እጅህ እጀታው ላይ ነበር። አይቼዋለሁ!"

አባቴ የላጠውን ሳህኑ ላይ በዳሰሳ አኖረ። "በትንፋሽሽ ብቀይር" አለ፣ "በሚቀጥለው እሁድም በትንፋሽሽ እቀይራለሁ። አስር ዓመት ይሞላሻል፣ አስራ አምስት ይሞላሻል፤ አንቺ እዚያ ሳጥን ላይ ቆመሽ። ሐኪሙ የሚለኝን ልቤ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ እናትሽ ደስ ይበላት ብዬ ነው እሺ ያልኳት። እና ልጄ ትንፋሿን ስትይዝ ሰማሁ። ደከማት አልኩ። በቃት። እጄን አነሳሁ።"

"ደክሞኝ አልነበረም!" ድምፄ ከእኔ ቁጥጥር ውጭ ወጣ። "ሻንጣ አይቼ ነው! እማዬ ጥላኝ የምትሄድ መስሎኝ። ሴትየዋ ባቡሩን ካልተሳፈረች እማዬም አትሄድም ብዬ!"

አባቴ ይህን አያውቅም ነበር። መሳቅ ጀመረ፤ መጀመሪያ በትከሻው፣ ቀጥሎ በሆዱ፣ ሳህኑ ጭኑ ላይ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ።

"አንቺ!" ብሎ ወደ ወጥ ቤቱ ተጣራ። "ሰማሽ? በአንቺ ሻንጣ ነው ለካ!"

"ምኑን?" አለች እናቴ ከውስጥ። "ሽንኩርቱ አለቀ ወይስ ወሬ ይዛችኋል?"

"አትሳቅ አባዬ" አልኩት። "ሠላሳ ሁለት ዓመት እኔ አስባረርኩት ስል ነው የኖርኩት።"

ሳቁን አቆመ። ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፤ ድምፄ ባለበት፣ በትክክል እኔ ላይ።

"ማነው የተባረረው? አጥፋው ደረጃውን ወጥቶ 'ውረድ' ያለኝ እኔ ከጨረስኩ በኋላ ነው። እኔ ነኝ የጨረስኩት። ለማሰብ ሰባት ሰከንድ ሙሉ ነበረኝ። ስንት ሰው ነው እንደዚያ አስቦበት የሚጨርስ?"

"ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?"

"ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?"

ቢላዬን አነሳሁ፤ አንድ ፍሬ ያዝኩ፤ ፍሬው ግን አልታይ አለኝ። ትንፋሼን ይዤ፣ ድምፅ እንዳላሰማ ጥርሴን ነክሼ፣ እንባዬ እጄ ላይ ይወርዳል።

"ታለቅሻለሽ እንዴ?" አለኝ።

"ሽንኩርቱ ነው አባዬ።"

አባቴ ሌላ ፍሬ አነሳና መላጡን ቀጠለ።

"የሚያስለቅሰው ቀዩ ነው፣ ሚጢ" አለኝ። "ይኼ ነጭ ሽንኩርት ነው።"